በቡድን ሆኖ ለመብላት መጓዝ፦ ከባንኮክ እስከ ሳፓ ተራሮች

ለመብላት ብሎ ለሚጓዝ ሰው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሻለ አገር ያለ አይመስለኝም። ምግቡ መንገድ ዳር ይሠራል፤ ሲሠራ ቆማችሁ ታያላችሁ፤ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም። ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ከአንድ ሳህን አያልፍም። ስድስት ሆነው የሚቀመጡ ግን በአንድ ማዕድ አምስትና ስድስት ዓይነት ይቀምሳሉ። እዚያ አገር ከብዙ ሳህን በጋራ መብላት ወግ ነው፤ ለእኛ ደግሞ አዲስ አይደለም። ስለዚህ በቡድን መሄድ ያዋጣል። ጉዞውን የሚያበላሸውም ያው ቡድኑ ነው። አንዱ ይጾማል፤ አንዷ አሳማ አትነካም፤ ሌላው ሆዱ ቶሎ ይታወካል፤ ይሄ ሁሉ ደግሞ የሚታወቀው ርቧችሁ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ ነው።

መመሪያው የሦስት ሳምንት ጉዞ ነው። ባንኮክ ይጀምራል፤ በሰሜን ታይላንድ ተራሮች፣ በሜኮንግ ወንዝ፣ በላኦስ ሉዋንግ ፕራባንግና በሃኖይ አድርጎ በሰሜን ቬትናም በሳፓ ተራሮች ላይ ያበቃል።

መጀመሪያ የማትበሉትን ተነጋገሩ

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ቀን ቡና ላይ ተሰብሰቡ። እያንዳንዱ ሰው የማይበላውን ይናገር። “እኔ ሁሉንም እበላለሁ” የሚል ካለ በዝርዝር ጠይቁት። አሳማ? ሽሪምፕና ሸርጣን? ደም የገባበት መረቅ? የፈረስ ሥጋ? ጥሬ ዓሣ? የእርድም ጉዳይ አለ። የክርስቲያን ወይም የእስላም ሥጋ ካልሆነ የማይበላ ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ካለ ከአሁኑ ይታወቅ። በእነዚህ አገሮች አራጁ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ዓሣ፣ ሃላል ቤትና የጾም ምግብ ቤት አለለት። ካልታሰበበት ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ነጭ ሩዝ ሲበላ ይከርማል።

ዋናው አሳማ ነው። የሃኖይ ቡን ቻ የከሰል ጥብስ አሳማ ነው። የሰሜን ታይላንዷ ከተማ የቺያንግ ማይ ቋሊማ ሳይ ኡዋ አሳማ ነው። “አትክልት ጥብስ” ብላችሁ ያዘዛችሁት ላይ እንኳ የተፈጨ አሳማ ጣል ሊደረግበት ይችላል። ጥርት ያለው ሾርባም ከአሳማ አጥንት የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ “አሳማ አለው?” ብሎ ማቆም አይበቃም፤ “መረቁስ የምንድነው?” ብላችሁ ጨምሩ።

ጾሙ ከምታስቡት ይቀላል። የአካባቢው ወጥ ቤት ወተትና ቅቤ እምብዛም አያውቅም፤ ወጡን የሚያወፍረው የኮኮናት ወተት ነው። አስቸጋሪው የዓሣ መረቅ ነው። በታይላንድ ናም ፕላ፣ በቬትናም ኑክ ማም ይባላል፤ በላኦስ ደግሞ ከዓሣ የሚብላላ ፓዴክ አለ። እኛ ጨው የምንጨምርበት ቦታ ሁሉ እነሱ ይህን ያፈሳሉ። የሽሪምፕ ድልህም በብዙ ቅመም ውስጥ ይገባል። በጾም ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ብዙም አይቸገሩም። የማይበሉት ግን ሁለት ቃል ይያዙ፤ ለታይላንድ “ጄ”፣ ለቬትናም “ቻይ”፤ ሁለቱም የጾም ምግብ እንደ ማለት ናቸው።

ጄ የሚያቀርቡ ቤቶች ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ጽሑፍ ይሰቅላሉ። ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። “ማንግሳዊራት” (ሥጋ የለበትም) ቢሏችሁ ግን እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ቬትናም ውስጥ ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር 1ኛውና 15ኛው ቀን ሥጋ ይተዋሉ። በእነዚያ ቀናት የቻይ ቤቶች ጢም ይላሉ፤ ምርጫውም ይበዛል። እዚያም ቢሆን እንቁላል አለመኖሩን ጠይቁ።

ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ካርድ አዘጋጁ። የማይበላው ነገር በታይኛ፣ በላኦኛና በቬትናምኛ ይጻፍበት። እንደየአገሩ ስትደርሱ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አንብቦ እንዲያርመው አድርጉ። በቃል ለመናገር መሞከር ደስ ይላል፤ ቋንቋዎቹ ግን በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ስለሚቀይሩ ብዙ ጊዜ አትደማመጡም። ካርዱን ለአስተናጋጁ ሳይሆን ለሚያበስለው ሰው አሳዩ። መንገድ ዳር ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

ጊዜውን ከጾምና ከጭስ ጋር አስታርቁ

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሰሜን ታይላንድ በጭስ ይታፈናል። ማሳና ጫካ ስለሚቃጠል ተራራው ጨርሶ አይታይም፤ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። ይህ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይጋጠማል። ስለዚህ በሁለት ምክንያት ተዉት። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናብ ነው።

የእኔ ምርጫ ከጥቅምት 20 ገደማ እስከ ኅዳር 14 ያለው ነው። ዝናቡ ወጥቷል፤ ባንኮክ ላይ ሙቀቱ ትንሽ ይረግባል፤ ተራራው ላይ አየሩ ይጠራል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ ሦስት ሳምንታችሁ ከእሱ በፊት ያልቃል። ጽጌን የሚጾም ሰው ካለ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ጾም ይሆንበታል። ረቡዕና ዓርብም እንዳሉ ናቸው። በዚሁ ጊዜ ገደማ በቺያንግ ማይ በሙሉ ጨረቃ የሚከበር የመብራት በዓል አለ። የሚያምር በዓል ነው፤ የሆቴል ዋጋ ግን ይሰቅላል፤ ቀኑን አይታችሁ ቀድማችሁ ያዙ።

ሰዉ፣ ገንዘቡ፣ ወረቀቱ

ስድስት ሰው ጥሩ ነው። ስምንት የመጨረሻው ነው። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ አንድ ሚኒባስ አይበቃችሁም፤ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤትም አንድ ላይ አያስቀምጣችሁም።

አንድ ገንዘብ ያዥ ምረጡ። እያንዳንዱ አገር ስትገቡ ሁሉም እኩል ያዋጣል። ምግብ፣ ታክሲና ውሃ ከዚያ ይከፈላል፤ ቢራና ዕቃ ግዢ ከየኪስ። የማይጠጣ ሰው የሌላውን ቢራ እንዲከፍል ማድረግ በሳምንቱ ቅሬታ ያመጣል። ታይላንድ ላይ የውጭ ካርድ በኤቲኤም ስትጠቀሙ በአንድ ጊዜ ከ200 ባት በላይ ክፍያ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ደጋግሞ ትንሽ ትንሽ ከማውጣት አንድ ጊዜ በርከት አድርጎ ማውጣት ይሻላል። ከገንዘብ ያዡ ሌላ በየቀኑ የሚቀያየር አዛዥ ይኑራችሁ። በዚያ ቀን ምን እንደሚታዘዝ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ስድስት ሰው በአንድ ሜኑ ላይ ሲከራከር ወጥ ቤቱ ሊዘጋ ይችላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ባንኮክ ይበራል፤ በአውሮፓውያኑ 2025 ሐምሌ ላይ ደግሞ ሃኖይን ጨምሯል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም የአውሮፓውያን ናቸው)። ስለዚህ ትኬቱን በባንኮክ መግቢያ በሃኖይ መውጫ አድርጋችሁ ቁረጡ። ተመልሶ ባንኮክ መምጣት ቀንም ገንዘብም ይበላል። ግማሹ ቤተሰብ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ከሆነ ባንኮክ ለሁሉም የሚመች መገናኛ ነው።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የያዘው ፓስፖርት የየትም አገር ቢሆን ታይላንድ ስትገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ። ባንኮክ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን አትሰለፉ፤ ቀድሞ የጤና መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ነው። ከ2025 ግንቦት ጀምሮ ደግሞ ታይላንድ የመግቢያ ቅጹን በኢንተርኔት ታስሞላለች፤ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ሙሉት። ቬትናም ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚሆን የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ትሰጣለች። የታይላንድና የላኦስ ቪዛ እንደየፓስፖርቱ ስለሚለያይ በየኤምባሲው አረጋግጡ፤ ወንዝ ዳር ድንበር ላይ ደርሶ መመለስ ከባድ ነው።

የሳምንቱ ቀናት ወሳኝ ናቸው

በዚህ መንገድ ላይ ጥሩ ገበያዎች የተወሰነ ቀን አላቸው። ሰኞ ባንኮክ ግቡ። ሰኞ ብዙ የመንገድ ዳር ሻጮች ስለሚያርፉ ያን ቀን ተኙበት። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብሉ። ሐሙስ ማታ በባቡር ወደ ቺያንግ ማይ፤ ዓርብ ጠዋት ስትደርሱ የቻይና ዩናን ሙስሊሞች ገበያ ይጠብቃችኋል። እሑድ ማታ የቺያንግ ማይ የእግር መንገድ ገበያ ነው። ሰኞ ወደ ተራራ ውጡ። ረቡዕ ማታ የሻዩ መንደር ሜ ሳሎንግ፣ ሐሙስ ማታ የድንበር ከተማዋ ቺያንግ ኮንግ፣ ዓርብና ቅዳሜ በጀልባ። ከቅዳሜ ማታ እስከ ማክሰኞ ሉዋንግ ፕራባንግ። ማክሰኞ በአውሮፕላን ሃኖይ። ዓርብ ሳፓ። እሑድ የባክ ሃ ገበያ፤ እሑድ ማታ ባቡር፤ ሰኞ ወደ ቤት።

ሁለት ሳምንት ብቻ ያላችሁ ላኦስን አውጡና ከቺያንግ ማይ ወደ ሃኖይ ብረሩ። ተራራውን ግን አትቁረጡት።

ባንኮክ፦ ማዘዝ የምትለማመዱበት

ለስድስት ሰው አምስት ሳህን እዘዙ፤ ሩዝ ለየብቻ። አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ የኮኮናት ወጥ፣ አንዱ ቅጠል ጥብስ፣ አንዱ ጎምዛዛ ሰላጣ። ሁሉንም የሚያቃጥል ወይም ሁሉንም የተጠበሰ አታድርጉ። የአገሩ ሰው ቅመሙን የሚያመጣጥነው በሳህኖቹ መካከል ነው፤ አንዱ ሲያቃጥል ሌላው ያበርዳል። ካነሰ ትጨምራላችሁ። ሳህኑ እየዞረ ከእያንዳንዱ በትንሹ ነው የሚወሰደው። ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ፤ ሹካው ይገፋል እንጂ አፍ አይገባም። ቾፕስቲክ ለኑድል ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኦር ቶር ኮር ገበያ ሂዱ። ንጹሕ ነው፤ ፍራፍሬው ተደርድሮ ስሙንና ዋጋውን ታያላችሁ፤ ለጀማሪ ሆድ ጥሩ ነው። ማንጎ በጣፋጭ ሩዝ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፤ ማንጎው የሚጣፍጠው ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስለሆነ በኅዳር ብዙ አትጠብቁ።

ማታ ያዋራት፣ የቻይናዎቹ ሠፈር። እዚያ ስድስት ሆኖ አንድ ሻጭ ጋ መሰለፍ አይሠራም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተበተኑ፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ነገር ገዝቶ በቀጠሮ ቦታ ይምጣ፤ ቆማችሁ ተካፈሉ። ወንበር ላይ መቀመጥ ከፈለጋችሁ ወንበሩ ከማን እንደሆነ እዩ፤ ካላዘዛችሁበት ሻጭ ወንበር ላይ መቀመጥ ነውር ነው። ሃላል የሚፈልጉ ደግሞ ቻሮን ክሩንግ መንገድ ላይ በሃሩን መስጊድ ዙሪያ ያለውን ሠፈር ይያዙ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ። የጀልባ ኑድል የሚባለው ጠቆር ያለ መረቅ ብዙ ጊዜ ደም ይገባበታል። ሶም ታም፣ በሙቀጫ የሚወቀጠው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ፣ የዓሣ መረቅና ደረቅ ሽሪምፕ አለበት፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከነቅርፊቱ ጨው የተነከረ ሸርጣን ይወቀጥበታል። ሦስተኛው ቃሪያው ነው። እኛ ሚጥሚጣ ስለለመድን የማንበገር ይመስለናል። የእነሱ ትንሿ ቃሪያ ግን ትኩስና ጥሬ ናት፤ ቃጠሎዋ ይዘገይና ይቆያል። መጀመሪያ “ፔት ኖይ” በሉ፤ ትንሽ የሚያቃጥል ማለት ነው። ከዚያ በየቀኑ ጨምሩ።

ሐሙስ ማታ ባቡሩ የሚነሳው ከአዲሱ ክሩንግ ቴፕ አፊዋት ጣቢያ ነው። ሁለተኛ ማዕረግ መኝታ ያዙ፤ የታችኛው አልጋ ሰፋ ይላል፤ ለትልልቆቹ ስጡ። ማቀዝቀዣው ስለሚበርድ ጃኬት ያዙ። እራታችሁን ገበያ ገዝታችሁ ግቡ። ባቡር ውስጥ አልኮል ክልክል ነው።

ቺያንግ ማይ፦ እዚህ ቆዩ

ከመንገዱ ሁሉ ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ከተማ ይህ ነው። ምግቡ ከባንኮክ ይለያል። ስኳሩ ያንሳል፤ ቅመሙ ይበዛል፤ ሩዙ የሚጣበቀው ነው።

ዓርብ ጠዋት ከባቡር ወርዳችሁ ቦርሳችሁን ሆቴል አስቀምጡና ባን ሃው መስጊድ ፊት ለፊት ወዳለው ገበያ ሂዱ። ሻጮቹ ከቻይና ዩናን በንግድ መንገድ የመጡ ሙስሊሞች ልጆችና ከተራራ የወረዱ ገበሬዎች ናቸው። ቀትር ሳይደርስ ይበተናል። በዚሁ ሠፈር ካው ሶይ ብሉ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቢጫ የኮኮናት መረቅ አለ፤ ላዩ ላይ ቀይ ዘይት ይንሳፈፋል። ከሥር የተቀቀለ ኑድል፣ ከላይ ያው ኑድል ዘይት ውስጥ ተጠብሶ ይንኮሻኮሻል። ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ ተለይቶ እስኪወድቅ በስሏል። በጎን ትንሽ ሳህን ይመጣል፤ የኮመጠጠ ጎመን፣ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ በዘይት የተቆላ በርበሬ። መጀመሪያ መረቁን ብቻውን ቅመሱ። ከዚያ ሎሚውን ጭመቁ፤ ጎመኑንና ሽንኩርቱን ጨምሩ፤ በርበሬውን በመጨረሻ። የተጠበሰው ሳይርስ ብሉት። በሙስሊሞቹ ቤት አሳማ ስለማይገባ መላው ቡድን ያለ ጥያቄ የሚበላበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። ኑድሉ እንቁላል ስላለው ግን ለጾም አይሆንም።

ቅዳሜ ምግብ ማብሰያ ትምህርት ያዙ። ብዙ ሰው በጉዞው መጨረሻ ያደርገዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብታደርጉት ይሻላል እላለሁ። መምህሯ ገበያ ይዛችሁ ትገባለች፤ የሎሚ ሣሩን፣ ዝንጅብል መሳዩን ጋላንጋል፣ የካፊር ሎሚ ቅጠሉን አሽትታችሁ ትለያላችሁ። ከዚያ በኋላ በቀሩት ቀናት ሳህን ውስጥ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሲመዘገቡ “አሳማ የማይበላ፣ የሚጾም አለ” በሉ፤ እንደየሰዉ ይቀይሩታል።

ናም ፕሪክ ኑም አይለፋችሁ። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት በከሰል ተጠብሶ የተወቀጠ ነው፤ ዳጣ የሚወድ ሰው ወዲያው ይቀርበዋል። ከተቀቀለ አትክልትና ከሚጣበቅ ሩዝ ጋር ይበላል። የተጠበሰ የአሳማ ቆዳም አብሮ ይቀርባል፤ እሱን ትመልሳላችሁ። ሩዙን በቀኝ እጅ ቆንጠር አድርጋችሁ በጣቶቻችሁ ጠቅጠቅ፣ ጠፍጠፍ፣ ከዚያ ማጥቀስ። እጅ የለመደ ሰው ስለሆንን እዚህ ማንም አያስተምረንም።

ክትፎና ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ይህን አንብቡ። በሰሜን ታይላንድ ላፕ ዲፕ የሚባል ጥሬ የተከተፈ ሥጋ አለ፤ በደምና በሐሞት ይታሻል። ያስጎመጃል። አትብሉት። ጥሬ አሳማና የአሳማ ደም መስማት እስከማሳጣት የሚደርስ የማጅራት ገትር የሚያመጣ ባክቴሪያ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በላኦስና በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ጥሬ የወንዝ ዓሣ የጉበት ትል ያስተላልፋል፤ ትሉ ዓመታት ተቀምጦ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። “ላፕ ኩዋ” በሉ፤ ተቆልቶ ይመጣል። ከጎሽ ሥጋ የተሠራውን ካገኛችሁ ቅመሙ ሁሉ አለ፤ አደጋው የለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ራቻዳምኖን መንገድ ለመኪና ይዘጋል። የቤተ መቅደሶቹ ግቢዎች ምግብ ሻጭ ይሞላቸዋል። ልክ 12 ሰዓት ማታ ላይ የአገሩ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል። እናንተም ማኘክ አቁማችሁ ቁሙ።

ተራራው

ዶይ ኢንታኖን በ2565 ሜትር የታይላንድ ከፍተኛው ተራራ ነው። ጫፉ ላይ ፎቶ ተነስቶ መመለስ የተለመደ ነው። እናንተ ግን በሥሩ ባለው የካረን ብሔረሰብ መንደር ሜ ክላንግ ሉዋንግ እደሩ። እርከን ማሳ፣ ጅረት፣ በቤት ጓሮ የሚቆላ ቡና። ቀድማችሁ ደውሉና እራትና ቁርስን ከነዋጋው ተስማሙ፤ የማትበሉትንም ያኔ ተናገሩ። ገበያ በአቅራቢያ ስለሌለ እዚያ ደርሶ ምግብ ማስቀየር ባለቤቶቹን ያሳፍራል። የዱባ ቡቃያ፣ የጓሮ ጎመን፣ ቃሪያ ቅመም፣ ትኩስ ሩዝ ነው የሚቀርበው። ማታ ይበርዳል።

ቡናው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እነዚህ ተራሮች የኦፒየም (የአደንዛዥ ዕፅ) እርሻ ነበሩ። ንጉሥ ቡሚቦል በ1969 ያስጀመሩት የንጉሣዊ ፕሮጀክት ለገበሬው ቡናን፣ ፍራፍሬንና አትክልትን በምትኩ አስተዋወቀ። የሚበቅለው አረቢካ ነው፤ ለቀማው የሚጀምረውም በኅዳር አካባቢ ነው። ከኢትዮጵያ ነው የመጣነው ስትሉ ገበሬው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ማድረቂያውን ያሳያችኋል፤ ስለ አቆላላችሁ ይጠይቃችኋል። ለዚህ ጨዋታ ጊዜ ተዉ።

ረቡዕ ወደ ሜ ሳሎንግ። በ1949 የቻይና ኮሚኒስቶች ድል ካደረጉ በኋላ ከዩናን በበርማ በኩል የወጡ ወታደሮች የሠፈሩበት መንደር ነው። ዛሬ የሚታወቀው በሻዩ ነው። ቅጠሉን በትንንሽ ሲኒ ደጋግመው እየቀዱ ያቀምሷችኋል፤ የመጀመሪያውን ውሃ ይደፉታል። የሚታወቅበት ምግብ የአሳማ እግር ስለሆነ ለብዙዎቻችሁ እራቱ እንፋሎት ዳቦና እንጉዳይ ይሆናል። ሻዩ ይበቃል።

ሜኮንግና ሉዋንግ ፕራባንግ

ከቺያንግ ኮንግ ድልድዩን ተሻግራችሁ በላኦስ በኩል ካለችው ሁዋይ ሳይ ጀልባው ሁለት ቀን ይሄዳል፤ ማታ ፓክቤንግ ያድራል። ጀልባው ላይ ብስኩትና የታሸገ ኑድል እንጂ ሌላ ብዙ የለም። ጠዋት ድንበሩ ላይ የሚጣበቅ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሙዝና ውሃ ለሁሉም ግዙ። ሁለት ቀን መቀመጥ የማይችል ሰው ካለ በአውቶቡስ ከመሰቃየት ላኦስን መተው ይሻላል።

ሉዋንግ ፕራባንግ ከ1995 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበች ትንሽ ከተማ ናት። በማለዳ መነኮሳት ምጽዋት ሲቀበሉ ታያላችሁ። ጸሎት ነው፤ ራቅ ብላችሁ በዝምታ እዩ፤ ፍላሽ አታብሩ። ከዚያ የጠዋቱ ገበያ።

እዚህ መቀመስ ያለበት ካይ ፔን ነው። ከሜኮንግ ገባር ወንዞች የሚለቀም አረንጓዴ ሣር እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ ሰሊጥና ቲማቲም ተበትኖበት በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በዘይት ብልጭ ይደረጋል። የሚጠቀሰው በጄው ቦንግ፣ በጣፋጭ የቃሪያ ድልህ ነው። ጄው ቦንግ ብዙ ጊዜ የጎሽ ቆዳ አለበት፤ ጿሚዎች ሣሩን ብቻውን ይብሉ። ኦ ላም የሚባለውን ወጥ ስታዙ ውስጡ የእንጨት ቁራጭ ታገኛላችሁ። የተረሳ አይደለም፤ ሳካን የሚባል ቅመም ነው። ይታኘካል፤ ምላስን ያደነዝዛል፤ ይተፋል። የዚህ ከተማ ካው ሶይ ከቺያንግ ማይው ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው፤ ኮኮናት የለውም፤ የተፈጨ አሳማ አለው።

ሃላል ማግኘት በዚህ ከተማ ያስቸግራል። ዓሣ ግን ሞልቷል።

ሃኖይ፦ በሰዓት ብሉ

ሃኖይ ውስጥ እያንዳንዱ ምግብ ሰዓት አለው። ፎ የሚባለው የኑድል ሾርባ የማለዳ ነው፤ ቡን ቻ የምሳ። ብዙ ጥሩ ቤት አንድ ምግብ ብቻ ይሠራል፤ ሲያልቅበት ይዘጋል። ስለዚህ አዛዡ ማታውኑ የነገውን ቅደም ተከተል ይናገር።

ፎ ለመብላት ጎህ ሲቀድ ውጡ። ከእግረኛ መንገዱ ላይ ዝቅተኛ የፕላስቲክ በርጩማ፣ ትልቅ ድስት፣ እንፋሎት። ሴትዮዋ ኑድሉን በወንፊት ውሃ ውስጥ ነከር ታደርጋለች፤ ሥጋውን በሳህኑ ላይ ታነጥፋለች፤ መረቁን ከላይ ታፈሳለች። “ፎ ቦ” የበሬ፣ “ፎ ጋ” የዶሮ ነው። ግማሽ የበሰለውን ሥጋ የሚፈራ “ቺን” ይበል፤ በደንብ የበሰለው ነው። የሰሜኑ ፎ ቅጠል አያበዛም፤ መረቁ ነው ዋናው። አንድ ሳህን ለሁለት ተካፈሉ፤ ቀኑ ገና ነው።

አሳማ ለማይበሉ የሃኖይ ትልቁ ምግብ ቻ ካ ነው። በእርድ የታሸ ዓሣ ጠረጴዛችሁ ላይ በመጥበሻ ይቀርባል፤ ብዙ እንስላልና የሽንኩርት ቅጠል ይጨመርበታል፤ ከሩዝ ኑድልና ከለውዝ ጋር ይበላል። የሽሪምፕ ድልሁ ለብቻ በሳህን ስለሚመጣ የማይፈልግ አይነካውም። ሃላል ለሚፈልጉ ሃንግ ሉክ መንገድ ላይ የአል ኑር መስጊድ አለ፤ ከዚያ መጠየቅ ይቻላል።

ቬትናም ከብራዚል ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ሮቡስታ ነው፤ መራራና ከባድ። ከወፍራም የታሸገ ወተት ጋር የሚጠጡት ለዚህ ነው። የሚጾም “ካ ፌ ደን” ይበል፤ ጥቁር ነው። የእንቁላል ቡና በ1946 ወተት በጠፋበት ጊዜ ኑየን ቫን ዛንግ የተባለ የሜትሮፖል ሆቴል ሠራተኛ የፈለሰፈው ነው። የቤተሰቡ ካፌ ዛንግ ዛሬም በአሮጌው ሠፈር ይሠራል። የተመታው አስኳል ላዩ ላይ እንደ አረፋ ይቆማል። የኛን ቡና አይተካም፤ ግን ቅመሱት።

ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ለሙታን የሚቃጠል ዕጣን ይመስላል።

ሳፓና ባክ ሃ

ዓርብ ጠዋት በመኪና ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ሳፓ ከተማው ራሱ ሆቴል በሆቴል ሆኗል፤ ሸለቆው ውስጥ ታ ቫን መንደር እደሩ። የሳፓ ከፍታ 1500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ማታ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ ያዙ። ቅዳሜ በእርከኖቹ መካከል በእግር ሂዱ፤ ማታ ከተማ ላይ የሳልሞን ድስት እዘዙ። ዓሣው በአካባቢው ቀዝቃዛ ውሃ ይረባል፤ ጠረጴዛ ላይ በሚፈላ መረቅ ከተራራ ጎመን ጋር ይነከራል። ስድስት ሰው በአንድ ድስት፤ ለብርድ እንደዚህ ያለ የለም። መረቁ የምን እንደሆነ ግን ጠይቁ።

እሑድ በማለዳ ወደ ባክ ሃ ተነሱ፤ ከሳፓ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ገበያው ከቀትር በኋላ ይቀዘቅዛል። የህሞንግ ብሔረሰብ ሴቶች በጥልፍ ቀሚስ ተሰብስበው ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ያወራሉ። ትላልቅ ድስቶች የሚፈሉበት ጥግ ታንግ ኮ ነው፤ የፈረስ ሥጋና ሆድ ዕቃ። ለእነሱ የክብር ምግብ ስለሆነ አፍንጫ ይዞ ማለፍ ደግ አይደለም፤ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ለእናንተ ያለው በቅጠል ቀለም አምስት ዓይነት የተነከረው የሚጣበቅ ሩዝ ነው፤ በቀርከሃ ውስጥ የተጠበሰውም አለ። ሁለቱም ለጾም ይሆናሉ።

ለቤት የሚገዛ ነገር ካለ ማክ ኬን ነው። ትንሽ የጫካ ቁንዶ በርበሬ መሳይ ፍሬ፤ ስትነክሱት የሎሚ ሽታ አለው፤ ምላስ ያነዝራል። አዲስ የደረቀውን ምረጡ፤ በመዳፋችሁ ሲታሽ ወዲያው መሽተት አለበት። ደረቅ ስለሆነ አይፈስም፤ አይከብድም። የዓሣ መረቅ የምትወስዱ ግን ክዳኑን በፕላስቲክ ደጋግማችሁ ጠቅልሉና በሚጫነው ሻንጣ መሀል፣ በማትወዱት ልብስ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ወደ ላዎ ካይ ጣቢያ ውረዱ። የማታው ባቡር ሰኞ ማለዳ ሃኖይ ያደርሳችኋል፤ ከአውሮፕላኑ በፊት አንድ ፎ የሚበላበት ሰዓት ይተርፋል።